የአስተርጓሚዋ ዲስክ

ማክሰኞ፣ ማርች 8/2011፤ ጠዋት 10፡20

የደንበኛ ላፕቶፕ ኪቦርድ እያጸዳሁ ነው። ሻይ ፈሶበታል፤ ስኳሩ ቁልፎቹን አጣብቋቸዋል። በጥጥ፣ በአልኮል፣ አንድ በአንድ። ውጭ ዝናብ። ባቡሩ ከሱቄ አጠገብ ኦቴሎ ጣቢያ ደርሶ ደወሉን ያሰማል። ዛሬስ ማንም አይመጣም ስል ሁለት ሰው ገባ። እናትና ልጅ።

እናትየው ወ/ሮ ዘይነባ ናቸው፣ የሆስፒታል አስተርጓሚ። እዚህ ሰፈራችን ሬኒየር ቫሊ ውስጥ የማያውቃቸው ሐበሻ የለም፤ እኔም በዓይን አውቃቸዋለሁ። የቡታጅራ ሰው፣ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው። ልጃቸው ሙኒር ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ የሚሠራ ኢንጂነር ነው። ሱቁን ዞር ዞር ብሎ አየና ቴክኒሻኑ መቼ ይመጣል አለኝ። መጥቷል አልኩት። የት አለ ሲል ካቻቪቴዬን ብድግ አድርጌ አሳየሁት። ደብተሬ፣ ስንተኛው ሰው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። እናትየው ሳቁ። ወደድኳቸው።

ዕቃው ከኮምፒውተር ውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል። እሑድ ቤት ሲቀይሩ ሙኒር ልሰካልሽ ብሎ የላፕቶፕ ቻርጀር ሰክቶበታል። ጫፉ ልክክ ይላል፤ ኃይሉ ግን ሌላ። አሥራ ሁለት ቮልት ለሚፈልግ ዕቃ አሥራ ዘጠኝ። ጭስ አላየሁም፣ ብቻ የሆነ ነገር ሸተተኝ አሉ ወ/ሮ ዘ.። ሙኒር በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።

ምን አለበት ብዬ ጠየቅኩ።

"አሥራ ስምንት ዓመት አለበት" አሉኝ።

ሐኪም አንድ ቃል በተናገረ ቁጥር፣ ያ ቃል በአማርኛ እንዴት ቢባል በሽተኛው ሳይደነግጥ እንደሚገባው ይጽፉ ነበር። እንዴት ሲባል ሰው እንደተጎዳም ጽፈዋል። ሌላ ኮፒ የለም። ሁሉም አንድ ቦታ ይሁን ተብሎ አሮጌው ኮምፒውተር ተጥሏል፤ ያስጣለውም ሙኒር ነው። ማርች 26 ቅዳሜ ስድስት አዲስ አስተርጓሚዎች ያሠለጥናሉ፣ በዚያው ጡረታ ይወጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል። እንደገና መጻፍ አልችልም አሉ። አላለቀሱም፣ አልተማጠኑም። እንደው ዝም ብለው ነገሩኝ።

ሙኒር ረጋ ብሎ፣ ሞቷል፣ ተይው ለማለት፦ "ማሚ፣ ኢትስ ዴድ። ሌት ኢት ጎ።"

ተዉልኝ፣ አይቼ እነግራችኋለሁ አልኩ።

የዚያው ቀን፣ ከሰዓት 3፡40

ሳጥኑን ፈትቼ ዲስኩን ብቻውን አወጣሁ። ከሙከራ ኮምፒውተሬ ጋር ሳገናኘው ኮምፒውተሩ ራሱ አልነሳ አለ። ነቀልኩት፣ ተነሳ። ሰካሁት፣ ሞተ። ሶ፣ ቦርዱ ላይ አንድ ቦታ ሾርት አለ። በቴስተር ፈለግኩ፤ ትንሿ ዳዮድ ናት። ሥራዋ መሥዋዕት መሆን ነው፤ ኃይል ሲበዛ ራሷን አቃጥላ የቀረውን ታድናለች። በወረንጦ ይዤ አነሳኋት። እንደገና ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ተነሳ!

ዲስኩ ግን አይዞርም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጸጥ።

በማጉያ አየሁ። ሞተሩን የሚያዘው ጥቁር ቺፕ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ። ተቃጥሏል። ዳዮዷ አልቀደመችም።

ረቡዕ፣ ማርች 9፤ ቀትር

ወ/ሮ ዘ. ከሥራ ወደ ሥራ ሲያልፉ ብቅ አሉ። እውነቱን ነገርኳቸው፦ ቦርዱ አልቋል፣ ተስፋው የመነመነ ነው አልኩ። እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ በሽተኛ ፊት እንዲህ አይባልም" አሉ። "መጀመሪያ ያየሽውን ንገሪኝ። ከዚያ የምታደርጊውን ንገሪኝ። ተስፋውን ለእኔ ተዪልኝ፤ እሱን እኔ እይዘዋለሁ።"

አፈርኩ። ከዚያ እንደገና ጀመርኩ፣ እንዳሉኝ። እትዬ ዘይነባ፣ ጽሑፍዎ ያለው ውስጥ ባሉት ዝርግ ሳህኖች ላይ ነው፤ እነሱ አልተነኩም ብዬ አስባለሁ። የተቃጠለው ከሥር ያለው ቦርድ ነው። አንድ ዓይነት ቦርድ ፈልጌ እቀይራለሁ፤ ግን ከአሮጌው ላይ አንዲት ቺፕ ነቅዬ አዲሱ ላይ መበየድ አለብኝ። እያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ጠባይ የሚያስታውሰው እሷ ውስጥ ነው። እሷ ከተበላሸች አለቀ። ይፈቅዱልኛል?

አሰቡና ፈቀዱ። ማታውኑ ሙኒር ኮል አደረገ። አንድ ትልቅ ድርጅት ጠይቋል፤ ሁለት ወር ጠብቁ ብለውታል። እሱ መላክ ይፈልጋል፣ እናቱ እምቢ ብለዋል። ከዚህ በፊት ቺፕ ቀይረሽ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ከሃርድ ዲስክ ላይ? አንድ ጊዜ። ሠራ? አልሠራም አልኩት። ዋሽቼ ማደር አልችልም። ኦኬ ብሎ ዘጋው።

ሐሙስ፣ ማርች 10፤ ከሰዓት 5፡00

ሱቁን ዘግቼ ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥበት መጋዘን ሄድኩ። በካርቶን የታጨቀ የሞተ ዲስክ። የምፈልገው ቦርዱ ጥግ ላይ በደቃቁ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ አንድ አኃዝ ቢለይ አይሆንም። አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ መነጽር እያወለቅኩ እያደረግኩ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሻጩ ሰውዬ አዘነልኝና ወንበር አመጣልኝ።

ሦስተኛው ካርቶን ሥር አገኘሁት። ቁጥሩን አራት ጊዜ አነበብኩ። ጮክ ብዬ "ተገኘሽ!" አልኩ በአማርኛ። ሰውዬው አብሮኝ ደስ አለው፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ።

ዓርብ፣ ማርች 11

አልነካሁትም። ሙሉ ቀን በሞቱ ቦርዶች ላይ ተለማመድኩ። ስምንት እግር ያላት፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቺፕ። መንቀል፣ ማጽዳት፣ መመለስ። የመጀመሪያዋ ተቃጠለች። ሁለተኛዋ ከወረንጦ አምልጣ ምንጣፍ ውስጥ ገባች፤ እስካሁን አላገኘኋትም። ከስድስተኛዋ በኋላ እጄ አወቀው።

ፍቃዱ (ባሌ፣ የኤርፖርት ሻትል ነጂ) ቡሪየን ቤታችን ስንገባ ለምን ዝም አልሽ አለኝ። ለነገ እጄን እያሳረፍኩት ነው አልኩት። አልሳቀም። ሳህኑን እሱ አጠበ።

ቅዳሜ፣ ማርች 12፤ ጠዋት 9፡00

ቁርስ የለም፣ ሁዳዴ ነው፤ ቡናም አልጠጣሁ፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። በሩ ላይ "ከ11 በኋላ" ብዬ ለጠፍኩ። ስልኬን ዘጋሁ።

የዚያው ቀን፣ 10፡35

ዞረ።

ደብተሬ፣ ዞረ! ቺፕዋ በሦስት ሴኮንድ ተነሳች፣ አዲሱ ቦርድ ላይ አስቀመጥኳት፣ እግሮቿ እንደ ወታደር ተሰለፉ። ቦርዱን ገጠምኩ። አራት ብሎን። ሰካሁ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ያ ድምፅ፣ ከታች ተነስቶ እየቀጠነ የሚወጣው። ከዚያ ጠቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የጤነኛ ጠቅታ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ መጣ፣ መጠኑ መጣ።

ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ቆሜ እጄን አየሁት። ይሄ እጅ ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ነው የተማረው። ጠዋት እንጠግናለን፣ ከሰዓት ለደንበኛ እንተይባለን። ስምንት ወንድ፣ አንዲት ሴት። የብየዳ ካውያ ለመያዝ ስድስት ወር ለመንኩ። ዛሬ ቢያዩኝ አልኩ።

ለወ/ሮ ዘ. ኮል አደረግኩ። ዞረ፣ ገና ማንበብ ይቀራል አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው፣ "በደንብ ነገርሽኝ" አሉ።

እሑድ፣ ማርች 13

ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ተቀየረ፤ ቅዳሴ አረፈድን። ዲስኩ ሱቅ ውስጥ ወደ አዲስ ዲስክ እየተገለበጠ ነው። ፋይል በፋይል አይደለም፤ ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከ መጨረሻዋ፣ ሁሉን እንዳለ። የታመመ ዲስክ ላይ ሁለቴ አይሠራም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፍቃዱ ሳልጠይቀው በኦቴሎ በኩል አዞረና ፓርክ አደረገ። ገብቼ አየሁ። ግማሽ አልፏል። አንዳንድ ቦታ ይቆማል፣ ይታገላል፣ ይዘለዋል።

ሰኞ፣ ማርች 14

ተገልብጦ አለቀ። ጥቂት ነጥብ ብቻ ሳይነበብ ቀረ። ግን መጥፎው ዕድል፣ የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የነበረው እዚያ ውስጥ ነው። መጽሐፉ አለ፣ ማውጫው የለም። በይዘታቸው የሚለይ ፕሮግራም አስጀመርኩ። ፋይሎች በቁጥር ብቻ መውጣት ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት... ሦስት ሺህ ምናምን። ይውጡ።

ማክሰኞ፣ ማርች 15፤ ከሰዓት 1፡15

ሙኒር በምሳ ሰዓቱ መጣ። ባቡር ይዞ፣ ለዚሁ ብሎ። ጎን ለጎን ቆመን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከፈትኩ።

ቆሻሻ። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ባለ ኮፍያ ኤ፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ። አንድ የሚነበብ ቃል የለም። ሁለተኛው እንደዚያው። ሃያ ከፈትኩ። ሃያውም።

ሙኒር አልኮራብኝም፤ ያ ነው የባሰው። እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ፣ "ኮራፕትድ ነው፣ ትዕግስት። ዩ ዲድ ኤቭሪቲንግ" አለኝ፤ ተበላሽቷል፣ የምትችይውን ሁሉ አድርገሻል ማለቱ ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፦

"ቻርጀሩን የሰካሁት እኔ ነኝ።"

አውቃለሁ አልኩት። ዛሬ ማታ ለእናቱ ሊነግር ፈለገ። እስከ ሐሙስ ስጠኝ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። እውነት ለመናገር የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

ሄደ። ኪቦርዱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ሰው ላፕቶፑን ሊወስድ መጣ፤ ሰጠሁት። አመሰገነ። ምንም አልተሰማኝም።

ረቡዕ፣ ማርች 16፤ ጠዋት 8፡50

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልህ፣ ፊደሌ ለዚያ ነው የሚንጋደደው።

አንዱን ገጽ ፕሪንት አድርጌ ይዤ ነበር። እያየሁት ነው። የተበላሸ ፋይል እንዲህ አይደለም! የተበላሸ ፋይል ውስጥ ሥርዓት የለም። ይሄ ግን ክፍተት አለው፣ አራት ምልክት፣ ክፍተት፣ ስድስት ምልክት፣ ክፍተት። በየመስመሩ መጨረሻ ያው ሁለት ምልክት ተደጋግሞ ይመጣል። አራት ነጥብ ነው። አራት ነጥብ ነው!

ፒያሳ እያለን ደንበኛ ፍሎፒ ይዞ ይመጣና ጽሑፌ አበደ ይለን ነበር። ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ ፎንት ነበረው፤ ፊደሎቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ የተቀመጡ። ፎንቱ ከሌለ ይህን ነው የምታየው። ፎንቱን ስትጭን ፊደል ይሆናል። ደብተሬ፣ ይህን የትኛውም ትልቅ ድርጅት አያውቅም። ሙኒርም ሊያውቅ አይችልም፣ አሥር ዓመቱ ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። ተይቤበታለሁ።

መውረጃዬን አሳለፍኩ።

የዚያው ቀን፣ 9፡40

ወ/ሮ ዘ.ን ጠየቅኩ። ድሮ ከአገር ቤት በፍሎፒ የመጣ መጻፊያ ነው፣ ዲስኩ ላይም አስቀምጬው ነበር አሉ። ለምን ጠየቅሽኝ አሉ። ነገ ይምጡ አልኩ። ድምፄ ውስጥ ያለውን ሰሙት መሰለኝ፣ አልጠየቁኝም።

ከወጡት ፋይሎች መሀል ፎንት የሆኑትን ብቻ ለየሁ። መቶ ምናምን። አንድ በአንድ። ሰባ አራተኛው ላይ "ሀ" አየሁ።

ጫንኩት። የትናንትናውን ቆሻሻ ከፈትኩ። ሙሉውን መረጥኩ፣ ፎንቱን ቀየርኩ።

"ዲፕረሽን። ድብርት ማለት አይበቃም። እናቶች 'ልቤ ከበደኝ'፣ 'ቤቱ ጠበበኝ' ይላሉ። የልብ ሕመም አድርጋችሁ እንዳታስተረጉሙ። ሐኪሙን አስቁማችሁ አስረዱ።"

ተቀመጥኩ። ቀጣዩን አነበብኩ።

"ባዮፕሲ። 'ሥጋ ይቆርጣሉ' አትበሉ። 'ከቦታው የእህል ቅንጣት የምታህል ወስደው በማጉያ ያዩታል' በሉ። ከዚያ ዝም በሉ። ይጠይቋችሁ።"

ሦስተኛው ስለ አንዲት ወላድ ነው፤ ስም የለውም፣ ግን ግማሽ ላይ አቆምኩ። የእኔ አይደለም። ዘጋሁት።

ከዚያ አለቀስኩ፣ ደህና አድርጌ፣ በሩን ቆልፌ። ሐዘን አይደለም። ኩራት ነው። ሌላ ስም ላወጣለት አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ማርች 17፤ ከሰዓት 4፡00

መጡ፣ ሁለቱም። ሙኒር ፊቱን አዘጋጅቶ፣ የመርዶ ፊት። ስክሪኑን ወደ እናቱ አዞርኩ።

ወ/ሮ ዘ. መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ሙኒር ከኋላቸው ጎንበስ አለ፤ አማርኛ ማንበብ ይከብደዋል፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

"እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ" አሉ ወ/ሮ ዘ. በጣታቸው እየጠቆሙ። "'ታይሮይድ'ን 'እንቅርት' ብዬዋለሁ። ሁሉም እንቅርት አይደለም። አስተካክይልኝ።"

ይኼው ነው። ይኼን ነው ያሉት! አስተካከልኩ። ከዚያ ነው እንባቸው የመጣው፣ እየሳቁ። ግንባሬን ሳሙኝ።

ሙኒር እንዴት እንዳወቅኩ ጠየቀኝ። አራት ነጥቧን አሳየሁት። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ብዙ አየው። "አይ ውድ ሃቭ ዲሊትድ ኢት" አለ፣ ለራሱ፤ እኔ ብሆን አጥፍቼው ነበር ማለቱ ነው። እናቱ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ስለ ቻርጀሩ አንድም ቃል አላነሱም።

ማክሰኞ፣ ማርች 22

አምስት ቀን አልጻፍኩልህም። ሥራ። ጽሑፉን አሁን የትም ኮምፒውተር ላይ ወደሚነበብ ፊደል እየቀየርኩ ነው። በየፊደሉ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ቁራጭ የተሰፋ ነው፣ ያ ነው ያደከመኝ። ወ/ሮ ዘ. ከሥራ ሲወጡ ይመጣሉ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ርዕሱን ይነግሩኛል፣ ስም እሰጠዋለሁ። ሶላታቸው ሲደርስ ከጀርባ ያለውን ክፍል ጠረግኩላቸው።

የጠፋ አለ። አልደብቅም። ወደ ሠላሳ ርዕስ ሳይነበብ በቀረው ቦታ ሄዷል። ሃያ ያህሉን ከአእምሯቸው አስጻፉኝ። "ሆስፒስ" ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ያንን የጻፍኩት አንድ ሰውዬ በሞቱ ቀን ነበር፣ ቃሉን አላስታውሰውም አሉ። ተዉት አልኩ። አይሆንም አሉ።

"ጻፊ" አሉኝ። "'የሚሞቱበት ቤት' አትበሉ። 'ሕመሙን እያስታገሱ እስከ መጨረሻው አብረውዎት የሚቆዩ ሰዎች ናቸው' በሉ።"

ጻፍኩ። የድሮው ከዚህ ይበልጥ ነበር? አላውቅም። እሳቸውም አያውቁም።

ቅዳሜ፣ ማርች 26፤ ከሰዓት 6፡00

ሥልጠናው ሬኒየር ቫሊ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ስድስቱም መጡ። እኔ ፕሮጀክተሩን ልይዝ ነው የሄድኩት። ሙኒር ሦስት ኮፒ ሠርቷል፣ ሦስት የተለያየ ቦታ አስቀምጦታል፤ ሁለቴ ቼክ አድርጌበታለሁ፣ ሁለቴም ልክ ነው።

አንዲት ወጣት ሠልጣኝ ስለ ዲፕረሽን ያለውን ጮክ ብላ አነበበች። "ቤቱ ጠበበኝ" ላይ ማንበቧን አቆመች። እናቴ እንዲህ ትል ነበር፣ ማንም አልገባውም አለች። ወ/ሮ ዘ. ቀጥዪ አሏት። ቀጠለች።

ሲያበቃ ወ/ሮ ዘ. ተነሱና ወደኔ አመለከቱ። "ቃሉን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሞቶ ነበር። ያስነሳችው ይቺ ናት። ስሟ ትዕግስት ነው፤ ሙያዋንም ስሟንም ያዙ።" ተጨበጨበ። መሬት መሬቱን ልመለከት ነበር፤ አልተመለከትኩም። ቀና አልኩ። ቀና ብዬ ተቀበልኩት።

ሰኞ፣ ማርች 28፤ ጠዋት 10፡05

ትናንት ከፍቃዱ ጋር ተነጋገርን። የስክሪንና የባትሪ ሥራ አቆማለሁ አልኩት። ከዛሬ ጀምሮ የሞተ ዲስክ ብቻ፤ በተለይ የድሮ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት። መጀመሪያ ላይ ይከብደናል አለ። ይከብደናል አልኩ። ሹፌር ነኝ፣ ዳገት አውቃለሁ አለ። በቃ፣ ተወሰነ።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ባለ ስክሪን ሰው ወደ ሌላ ሱቅ መራሁት። ደንገጥ አለ፣ እኔም ደንገጥ አልኩ። ግን አላስቀረሁትም።

አሁን አንድ ሽማግሌ ቄስ በሩ ላይ ቆመዋል። በሁለት እጃቸው የያዙት አሮጌ ኮምፒውተር ነው፣ እየከበዳቸው። ሦስት የደብር መዝገብ አለበት እያሉኝ ነው፣ ገና ሳይገቡ። ልቀበላቸው፤ የቀረውን ማታ እጽፍልሃለሁ።